አንድ መሬት፣ ሁለት ስሌት፦ በንብረትና በፕሮጀክት ዋጋ አገማመት ዘዴዎች ላይ የቀረበ ሂስ

በአዲስ አበባ ዙሪያ ሲታረስ የኖረ አንድ ሄክታር መሬት ለመኖሪያ ቤት ግንባታ በሚወሰድበት ጊዜ በሁለት ጠረጴዛዎች ላይ ይሰላል። በአንደኛው ጠረጴዛ ዙሪያ የካሳ ገማች ኮሚቴ ተሰብስቦ ገበሬው ባለፉት ዓመታት ከማሳው ያነሣውን ጤፍና ስንዴ፣ ጭድና ሣር ወደ ብር ይለውጣል። በሁለተኛው ጠረጴዛ ላይ የቤት ሠሪው ኩባንያ የገንዘብ ባለሙያ ተቀምጦ ገና ያልቆመውን ሕንፃ፣ ገና ያልመጣውን ገዢ፣ ገና ያልተከፈለውን ኪራይ ወደ ዛሬ ዋጋ ይመልሳል። የመጀመሪያዎቹ ወደ ኋላ ይቆጥራሉ፤ ሁለተኛው ወደ ፊት ይቆጥራል። መሬቱ ያው አንድ ሄክታር ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ግን አይተዋወቁም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የአገማመት ዘዴዎችን አንድ በአንድ ማስተማር አይደለም፤ ለዚያ የሚበቁ የመማሪያ መጻሕፍት በየቤተ መጻሕፍቱ ሞልተዋል። ዓላማው በእነዚያ መጻሕፍት ውስጥ እንደ ተራ የሒሳብ ጉዳይ የሚታለፍ አንድ ምርጫ፣ ይኸውም ለማን የስንት ዓመት ጊዜ ይቆጠርለታል የሚለው ምርጫ፣ በመሠረቱ የፍርድ ጉዳይ መሆኑን ማሳየት ነው። ነገሩ በስደት ለምንኖረውም የሩቅ አይደለም፤ ምክንያቱን ወደ መጨረሻው ላይ እመለስበታለሁ። (የሕጎቹ ቁጥር በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ሲሆን፣ ዓ.ም. ካልተባለ በስተቀር ሌላው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

የገንዘብ ዋጋ ከጊዜ ጋር ይለወጣል የሚለው ሐሳብ ከባሕር ማዶ የመጣልን አይደለም። የእቁብ ዕጣ የወጣለት ሰው ለቸገረው አባል ተራውን ሲለቅለት፣ ተቀባዩ ከጥቅሉ ላይ ጥቂት ገንዘብ ይተውለታል፤ ያ ጥቂት ገንዘብ የመጠበቅ ዋጋ ነው። ወለድ አገድም እንዲሁ ነው። አበዳሪው በወለዱ ፈንታ የባለዕዳውን መሬት ወይም ቤት ይዞ በፍሬው ይጠቀማል፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ውሉን በዚሁ ስሙ ተቀብሎታል። በወለድ አገድ የሚዋዋሉ ሁለት ገበሬዎች የመሬት ፍሬና የገንዘብ ወለድ በአንድ ሚዛን ላይ ሊቀመጡ እንደሚችሉ ያውቃሉ። ዛሬ የንብረት ገማቾች የገቢ ዘዴ የሚሉት፣ ማለትም የሕንፃውን ዓመታዊ የተጣራ ኪራይ ለአንድ ምጣኔ አካፍሎ ዋጋውን ማግኘት፣ ከዚህ ዕውቀት እምብዛም አይርቅም።

በአውሮፓም ቢሆን ስሌቱ ከመሬት ጋር የቆየ ዝምድና አለው። ፍሌሚሹ ሲሞን ስቴቪን በ1582 የወለድ ሰንጠረዦችን አሳተመ። በ1849 ማርቲን ፋውስትማን የተባለ ጀርመናዊ የደን ባለሙያ ገና ዛፍ ያልበቀለበት ባዶ የደን መሬት ስንት ያወጣል የሚል ጥያቄ አነሣ። መልሱም ከመጀመሪያው ቆረጣ የሚገኘው ገቢ ብቻ ሳይሆን፣ ከዚያ በኋላ ያለማቋረጥ የሚከተሉት ተከላዎችና ቆረጣዎች ሁሉ ወደ ዛሬ ተመልሰው ሲደመሩ የሚገኘው ነው የሚል ሆነ። ባሕር ዛፍ ተክሎ ከጉቶው ያቆጠቆጠውን ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ የቆረጠ የሸዋ ገበሬ ይህን ለመረዳት አስተማሪ አያሻውም። አርቪንግ ፊሸር በ1907 እና በ1930 ባወጣቸው መጻሕፍት ሐሳቡን የኢኮኖሚ ቲዎሪ አካል አደረገው፤ ጆኤል ዲን ደግሞ በ1951 የኩባንያ አስተዳዳሪዎች የዘወትር መሣሪያ እንዲሆን መንገዱን ጠረገ። አንባቢ የፋውስትማንን ነገር ልብ እንዲልልኝ እጠይቃለሁ፤ መሬት የሚገመተው በዘለዓለም ዕድሜው ነበር።

የተጣራ የአሁን ዋጋ የሚባለው ዘዴ በአጭሩ እንዲህ ነው። ፕሮጀክቱ በየዓመቱ ከሚያስገባው ላይ የሚያስወጣው ይቀነሳል፤ የየዓመቱ ቀሪ በቅናሽ ምጣኔ እያነሰ ወደ ዛሬ ይመጣል፤ ከዚያ ይደመራል። ድምሩ ከዜሮ በላይ ከሆነ ፕሮጀክቱ ይጠቅማል ይባላል። ድምሩን ዜሮ የሚያደርገውን ምጣኔ የሚፈልገው ሌላው ዘዴ፣ የውስጥ ተመላሽ ምጣኔ የሚባለው፣ ገቢና ወጪ ከአንድ ጊዜ በላይ ሲፈራረቁ ከአንድ በላይ መልስ ሊሰጥ ይችላል፤ ትንሹን ሱቅና ትልቁን ሆቴል በመቶኛ ብቻ ስለሚያወዳድርም መጠንን ይዘነጋል። ነጋዴ ሁሉ በጣቱ የሚቆጥረው ወጪ የሚመለስበት ጊዜ ደግሞ ወጪው ከተመለሰ በኋላ ያለውን ዘመን ጨርሶ አይመለከትም። እነዚህን ጉድለቶች መማሪያ መጻሕፍቱ ራሳቸው ስለሚያስተምሯቸው አልቆይባቸውም።

ቆም ብሎ ማየት የሚያስፈልገው የቅናሽ ምጣኔውን ነው። ከ50 ዓመት በኋላ የሚገኝ 1,000 ብር በ10 በመቶ ሲቀነስ ዛሬ 8 ብር ከ50 ሳንቲም ገደማ ነው። ያው 1,000 ብር በ3.5 በመቶ ሲቀነስ 179 ብር ይሆናል። ማንም ቁጥር አላጭበረበረም፤ መደመሩም መቀነሱም ትክክል ነው፤ ግን አንዱ ከሌላው ሃያ አንድ እጥፍ ይበልጣል። ታዲያ ትክክለኛው ምጣኔ የትኛው ነው? ፍራንክ ራምሴይ በ1928 ባሳተመው ጥናት የወደፊቱን ደስታ ወደፊት ስለሆነ ብቻ ማሳነስ በሥነ ምግባር ሊደገፍ የማይችል ነው ብሎ ነበር። ማርቲን ዋይትዝማን ከ2,000 በላይ ኢኮኖሚስቶችን ጠይቆ በ2001 ባወጣው ጥናት አማካዩ መልስ 4 በመቶ ገደማ ቢሆንም መልሶቹ እጅግ የተራራቁ ነበሩ። የብሪታንያ መንግሥት ከ2003 ጀምሮ ለራሱ ፕሮጀክቶች የወሰደው መነሻ 3.5 በመቶ ሲሆን፣ ከ30 ዓመት በኋላ ላለው ዘመን ምጣኔው ዝቅ ይላል። የዓለም ባንክ ግን በድሃ አገሮች ፕሮጀክቶች ለረጅም ዘመን ሲሠራበት የቆየው ከ10 እስከ 12 በመቶ ነበር።

ለከፍተኛው ምጣኔ የሚሰጠው ምክንያት የሚናቅ አይደለም። በድሃ አገር ካፒታል ብርቅ ስለሆነ አንድ ብር በአንዱ ቦታ ሲውል በሌላው ቦታ ሊያስገኝ የሚችለው ብዙ ነው፤ ስለዚህ ዝቅተኛ ትርፍ ያለውን ፕሮጀክት ማሳለፍ አባካኝነት ይሆናል። ይህን እቀበላለሁ። ሆኖም ይህ ምክንያት የሚሠራው ካፒታሉን ከአንዱ ወደ ሌላው ሊያዘዋውር ለሚችል ሰው ነው። ከዚያ አንድ ሄክታር በስተቀር ሌላ ሀብት ለሌለውና ባንክ ለማያበድረው ባለይዞታ በሌላው ቦታ ሊያስገኝ የሚችለው የሚለው ሐረግ ባዶ ነው።

አሁን ወደ ካሳው ጠረጴዛ እንመለስ። አዋጅ ቁጥር 455/1997 መሬቱን ለዘለቄታው እንዲለቅ የተደረገ የገጠር ባለይዞታ፣ በመሬቱ ላይ ላለው ንብረትና ለቋሚ ማሻሻያ ከሚከፈለው ሌላ፣ ከመልቀቁ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ያገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ በአሥር ተባዝቶ የመፈናቀያ ካሳ እንዲከፈለው ደንግጎ ነበር። አዋጁ ስለ ቅናሽ ምጣኔ አይናገርም። ይሁን እንጂ አሥር እጥፍ በሚለው ቃል ውስጥ አንድ ምጣኔ ተሸሽጓል። ያለማቋረጥ በየዓመቱ 1 ብር የሚያስገኝ ሀብት በ10 በመቶ ሲቀነስ ዛሬ በትክክል 10 ብር ያወጣል። ስለዚህ ሕጉ በሁለት መንገድ ሊነበብ ይችላል። አንደኛው፣ መሬቱ ዘለዓለማዊ ነው፣ የገበሬው ጊዜ ግን በ10 በመቶ ይቀነሳል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ቅናሽ የለም፣ ገበሬው ግን ከዚህ መሬት ጋር የሚኖረው አሥር ዓመት ብቻ ነው የሚል ነው። የትኛው እንደታሰበ ቁጥሩ ራሱ አይናገርም። የብሪታንያው 3.5 በመቶ ተወስዶ ቢሆን ኖሮ ማባዣው ከ28 በላይ ይሆን ነበር።

ይህም ሁሉ ዋጋ ባለበት ቢቆም ነው። እውነተኛው የዋጋ ሁኔታ ግን ሌላ ነበር። የኢትዮጵያ የዋጋ ግሽበት በ2008 ከ40 በመቶ፣ በ2011 እና በ2022 ከ30 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር፤ ባንኮች ለቁጠባ የሚከፍሉት ዝቅተኛው ወለድ ግን ለዓመታት 5 በመቶ ሆኖ ቆይቶ በኦክቶበር 2017 ወደ 7 በመቶ ከፍ አለ። ለምሳሌ ያህል ከአንድ ሄክታር ባለፈው ዓመት 20,000 ብር ያገኘ አንድ ቤተሰብ እንውሰድ። ግሽበቱን በመካከለኛ ግምት 15 በመቶ፣ የባንኩን ወለድ 5 በመቶ እናድርገው። በመጀመሪያ አማካይ የሚለውን ቃል እንመልከት። የአምስቱ ዓመታት ገቢ በየዓመቱ በነበረው የገበያ ዋጋ ተሰልቶ ከተማከለ፣ ምርቱ ምንም ሳይለወጥ አማካዩ ወደ 15,400 ብር ይወርዳል፤ የድሮው ዓመት ስንዴ በድሮ ዋጋ ስለተቆጠረ ነው። (ምርቱ ብቻ ተማክሎ በወቅቱ ዋጋ ከተባዛ ይህ ጉድለት ይቀራል፤ ስለዚህ የአንድ ገማች የሥራ ልማድ ብቻውን የካሳውን ሩብ ያህል ሊወስን ይችላል።) አሥር እጥፍ የተባለው በተግባር ሰባት እጥፍ ተኩል ከመሆን እምብዛም አላለፈም ማለት ነው። ቤተሰቡ 154,000 ብሩን ባንክ አስቀምጦ በየዓመቱ መጨረሻ የቀድሞ ኑሮውን የሚያህል ገንዘብ፣ ማለትም መጀመሪያ 23,000፣ ከዚያም በግሽበቱ ልክ እያደገ የሚሄድ፣ ቢያወጣ ገንዘቡ አምስት ዓመት ያኖረዋል። በስድስተኛው ዓመት ለቀለብ የሚበቃ አይኖርም።

ሕግ አውጪው ጉድለቱን ጨርሶ አልዘነጋውም። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ምትክ መሬት ላላገኘ የገጠር ባለይዞታ ማባዣውን ወደ አሥራ አምስት፣ መነሻውንም ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ገቢ ወዳለው አሳደገ፤ ተፈናቃዮች መልሰው እንዲቋቋሙም ደነገገ። መነሻውን መለወጡ፣ በእኔ አመለካከት፣ ማባዣውን ከማሳደጉ የማያንስ ቁም ነገር ነው። ያንኑ ቤተሰብ በዚህ ሕግ ብናሰላው 300,000 ብር ያገኛል። ወለዱ 7፣ ግሽበቱ 15 በመቶ ሆኖ ገንዘቡ ዘጠኝ ዓመት ያኖረዋል፤ አሥረኛውን ዓመት ግን አይሞላም። ካሳው በብር ከእጥፍ ሊጠጋ ምንም ያህል አልቀረውም፤ የተገዛው ተጨማሪ ጊዜ አራት ዓመት ነው። ማባዣ ቁጥር እስከሆነ ድረስ ግሽበት ይበላዋል፤ ሃያም ቢባል የሚሆነው ያው ነው።

አንዳንድ ወዳጆቼ ገበሬው ገንዘቡን ባንክ አስቀምጦ ለምን ይጠብቃል፣ ወፍጮ ይትከል፣ ባጃጅ ይግዛ ይሉኛል። ይቻላል፤ ያደረጉትም ተሳክቶላቸው የኖሩ አሉ። ነገር ግን ይህ መልስ ገበሬው በአንድ ጀምበር ባለሀብት ሆኖ ለማያውቀው ሥራ የሚያስፈልገውን ሥጋት ሁሉ እንዲሸከም ያስገድዳል። በሁለተኛው ጠረጴዛ ላይ ለዚህ ዓይነቱ ሥጋት ዋጋ ይታሰብለታል፤ ኩባንያው ተመላሹ ከባንክ ወለድ በብዙ ካልበለጠ ሥራውን አይጀምርም። በመጀመሪያው ጠረጴዛ ላይ ሥጋት የሚባል ነገር አይታወቅም።

የኩባንያው ባለሙያ ለመሬት የሚጠቀምበት ዘዴ የተረፈ ዋጋ ዘዴ ይባላል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ከተጠናቀቀው ሕንፃ ዋጋ ላይ የግንባታ ወጪና ትርፍ ሲቀነሱ የተረፈው ለመሬቱ ሊከፈል የሚችለው ነው። ሕንፃው 100 ሚሊዮን ቢያወጣ፣ ግንባታው ከብድር ወለዱ ጋር 70፣ ትርፉ 15 ቢሆን፣ ለመሬቱ 15 ሚሊዮን ይተርፋል። እስቲ የቤት ዋጋ በ10 በመቶ ብቻ ከፍ ይበል፤ ለመሬቱ የሚተርፈው 25 ሚሊዮን ይሆናል፣ ሁለት ሦስተኛ ያህል አደገ ማለት ነው። የከተማው ዕድገት፣ የመንገዱ መዘርጋት፣ የውሃው መግባት ሁሉ ተጠራቅሞ የሚያርፈው በዚህች የተረፈች ቁጥር ላይ ነው።

በከተማ ውስጥ ቤቱ ለሚፈርስበት ሰው ደግሞ የተመረጠው ዘዴ ሦስተኛ ነው። በአዋጅ 455 መሠረት ቤቱ የሚገመተው እንደገና ለመሥራት በሚፈጀው ወጪ ነበር፤ ግድግዳው፣ ጣራው፣ ወለሉ ይቆጠራል፤ በተጨማሪም ምትክ ቦታና የአንድ ዓመት ኪራይ ግምት፣ ወይም ለአንድ ዓመት በነጻ የሚኖሩበት የመንግሥት ቤት። የወጪ ዘዴ በባሕርዩ ቦታን አያይም። መርካቶ አጠገብ ያለ የጭቃ ቤትና በከተማው ጫፍ ያለ የጭቃ ቤት ጭቃቸው አንድ ስለሆነ ዋጋቸው ይቀራረባል። ጉሊት ለምትቸረችረው እናት ግን ቤቱ ማለት ቦታው ነው፤ ደንበኞቿ፣ እድሯ፣ የልጆቿ ትምህርት ቤት በእግር የሚደረስበት መሆኑ። ስለዚህ በአንዱ ቦታ ላይ ሁለት ዘዴዎች ሲገናኙ፣ ቦታን የማያየው ዘዴ ለሚወጣው፣ ከቦታ በስተቀር ሌላ የማያየው ዘዴ ለሚገባው ይሆናል። በመካከላቸው ያለውን ልዩነት የፈጠረው የማንም ድካም አይደለም፤ የዘዴ ምርጫ ነው።

እዚህ ላይ ሊነሣ የሚገባው ጠንካራ ተቃውሞ አለ። የቦታ ዋጋ የሚያድገው በባለይዞታው ጥረት ሳይሆን በኅብረተሰቡ ዕድገት ስለሆነ ለባለይዞታው ሊከፈል አይገባም የሚል ነው። የ1967ቱን የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 በወጣትነታችን የደገፍን ብዙዎቻችን በዚህ ሐሳብ እናምን ነበር፤ እኔ ዛሬም ከሐሳቡ ሙሉ በሙሉ አልወጣሁም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ነገር ግን መርሑ ከተያዘ ለሁሉም ይያዝ። በሊዝ መሬት የወሰደ ኩባንያ ከዓመታት በኋላ ባደገው የቦታ ዋጋ ሲጠቀም፣ ገበሬው ግን ዕድገቱ ያንተ አይደለም ከተባለ፣ መርሑ የሚሠራው በደካማው ላይ ብቻ ነው። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ማለት ይህ ነው። ከዚህም ሌላ ተፈናቃዩ የሚጠይቀው ዕድገቱን አይደለም፤ የነበረውን የዕለት እንጀራ ነው። ሕገ መንግሥቱ ካሳው ተመጣጣኝ ይሁን ይላል። ተመጣጣኝነቱ ከምን ጋር ነው? ከቤቱ ጭቃ ጋር ነው ወይስ ከሚቀረው ኑሮ ጋር?

መንግሥት የጊዜን ዋጋ አያውቅም እንዳይባል፣ በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት የሊዝ ዋጋ ቅድሚያ ክፍያው ቢያንስ 10 በመቶ ሆኖ ቀሪው በዓመታት ሲከፈል ባልተከፈለው ላይ ወለድ ይታሰባል። መቀበል ሲሆን ጊዜ ዋጋ አለው ማለት ነው። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች የተቀናጀ ዕቅድ በ2014 ያስነሣውና በ2015 መጨረሻ ላይ የተቀጣጠለው ተቃውሞ፣ በጃንዋሪ 2016 ዕቅዱ መቅረቱ እስኪነገር ድረስ የብዙ ሰው ሕይወት ጠፍቶበታል። ምክንያቱ ብዙ እንደነበረ አውቃለሁ፤ የማንነትና የሥልጣን ጥያቄን ወደ ሒሳብ ማውረድ አልፈልግም። ሆኖም ገበሬው ከማሳው ሲነቀል የተቀበለው ገንዘብ በስንት ዓመት እንዳለቀ ጎረቤቱ በዓይኑ አይቶ ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን። ከስደተኛው ወገን ብዙዎቻችን በሁለተኛው ጠረጴዛ ላይ እንደ ገዢ ተቀምጠናል። እኔም በ2010 ገና በወረቀት ላይ ላለ አንድ መቶ ካሬ ሜትር ቤት ቅድሚያ ከፍያለሁ። ሻጩ በአንድ የሆቴል አዳራሽ ያሳየን ሰንጠረዥ በየዓመቱ የሚያድግ የብር ኪራይ በዶላር የባንክ ወለድ እየቀነሰ ግሩም ትርፍ ያወጣ ነበር። ስህተቱን ተማሪ ቢሠራው ኖሮ እጥልበት ነበር፤ በግሽበት ያበጠ የብር ገቢ በብር ምጣኔ፣ ከግሽበት የጸዳው ከግሽበት በጸዳ ምጣኔ ይቀነሳል እንጂ አይደባለቅም። እኔ ግን አገር ቤት ቤት ይኖረኛል የሚለው ናፍቆት የሒሳብ ዓይኔን ጨፈነው። ቁጥሩን ለአንባቢ ላስቀምጠው። ቤቱ 1.6 ሚሊዮን ብር ነበር፤ በዚያ ዓመት መጨረሻ አንድ ዶላር 16 ብር ያህል ስለነበረ 100,000 ዶላር ማለት ነው። በ2024 መጨረሻ በ6.4 ሚሊዮን ብር ቢሸጥ እንበል፤ አራት እጥፍ፣ በዓመት ከ10 በመቶ በላይ ዕድገት። ብሩ በጁላይ 2024 ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በዓመቱ መጨረሻ ዶላሩ 125 ብር ገደማ ስለደረሰ በእጄ የሚገባው 51,000 ዶላር ያህል ይሆናል። የባከነውን የግንባታ መዘግየት ዓመታት ሳልቆጥር ነው።

ይህን የማነሣው ለራሴ ለማዘን አይደለም። ሕንፃው የቆመበት ቦታ የገብስ ማሳ እንደነበር ያወቅሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ሄጄ ባየሁበት ዕለት ነው፤ በሩን የከፈተልኝ ዘበኛ ማሳው የአባቱ እንደነበር በትሕትና ነገረኝ። ከዚያ በፊት ስለ ወለሉ ሴራሚክ፣ ስለ ሊፍቱ፣ ስለ ውሃ ታንከሩ ጠይቄ ነበር፤ ስለ መሬቱ ግን ጠይቄ አላውቅም። ፕሮጀክቶችን ሲገመግም የኖረ ሰው በራሱ ውል ውስጥ አንድ ሙሉ ወጪ ሳያይ ቀረ።

ታዲያ ምን ይደረግ ለሚለው፣ በቅድሚያ በሁለቱም ጠረጴዛዎች ላይ አንድ ዓይነት የቅናሽ ምጣኔና አንድ ዓይነት የዘመን ርዝመት ይሠራበት፤ ምጣኔውም በካሳው መዝገብ ላይ በግልጽ ይጻፍ። ካሳው በአንድ ጊዜ በጥሬ ብር ብቻ ከሚሰጥ ቢያንስ ከፊሉ በእህል ዋጋ ልክ እያደገ በየዓመቱ የሚከፈል ይሁን። ምትክ መሬት ሲገኝ ከሁሉም ይቅደም። ለዚህ ዘወትር የሚሰማው መልስ ወጪው ፕሮጀክቶችን ሁሉ ያቆማል የሚል ነው፤ ስለዚህ ይህንኑ ማስላት ይገባል።

የከተማ መኖሪያ ቤት የሊዝ ዘመን 99 ዓመት ነው። ለዚያ ቤተሰብም 99 ዓመት እንቁጠርለት፣ በእህል ዋጋ ልክ እያደገ የሚሄደውን 20,000 ብር ከግሽበት በጸዳ 3.5 በመቶ እንቀንስለት። የአሁን ዋጋው 552,000 ብር ያህል ነው። ቀድሞ ያየነው ካሳ 154,000 ነበር። ሄክታሩ 10,000 ካሬ ሜትር ስለሆነ በካሬ ሜትር 15 ብር የነበረው ወደ 55 ብር ከፍ አለ ማለት ነው፤ ልዩነቱ 40 ብር ነው። የመሬቱ እኩሌታ ለመንገድና ለአረንጓዴ ቦታ ተትቶ በቀሪው ላይ አሥር ፎቅ ቢሠራ፣ በእያንዳንዱ የመሬት ካሬ ሜትር ላይ አምስት ካሬ ሜትር ወለል ይቆማል። ልዩነቱ ለእነዚህ ሲከፋፈል በወለል ካሬ ሜትር 8 ብር ይደርሳል። በእኔ 1.6 ሚሊዮን ብር ቤት ላይ ይጨመር የነበረው 800 ብር ነው።